ከታች ማን ነበር? የአንቺም ሰማይና የጦር አውሮፕላን ቅርሳችን

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «አንተ መቼም አውሮፕላን ሲያልፍ አንገትህን ቀና ሳታደርግ አትቀርም፤ ስለ ጦር አውሮፕላን ታሪካችን አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ። እውነታቸውን ነው። እኔ የሐሙሲት ልጅ ነኝ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ያገኘች ከተማ ናት። ልጅ ሳለን ዳኮታው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ከብቱን ትተን ጥላውን በሜዳው ላይ እናባርር ነበር። ከብቱ ሰው እህል ውስጥ ገብቶ የተገረፍኩበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም፤ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ስድስት ኪሎ ስገባ ደግሞ ቢጤዎቼን አገኘሁ። የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ሌላው ስለ ኳስ ሲከራከር እኛ ስለ ኤፍ-5 እና ስለ ሚግ-21 እንከራከር ነበር። በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አብራሪዎች የሶማሊያን ሚጎች እንዴት እንደጣሉ ያልሰማ ሰው መኝታችን ውስጥ አልነበረም። የለገሠ ተፈራን ስም የምንጠራው እንደ ቅርብ ዘመድ ነው። ያ ሰው አውሮፕላኑ ተመትቶ ከተማረከ በኋላ 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ቆይቶ ነው አገሩ የገባው። እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ተገቢ ነው፤ ዛሬም አከብረዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር አውሮፕላን ከጠላ ሰው የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሦስተኛ ዓመት አልቆ የሲኒየር ኤሴይ ርእስ ስንመርጥ እኔ የአንቺምን ጦርነት መረጥኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የዋለው እዚያ ነው። ቦታውም የእኛው አገር ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ከጋይንት ማዶ፣ ቤጌምድርና ወሎ በሚዋሰኑበት በዘቢጥ ሜዳ። ክረምቱን ሐሙሲት ይዤው የመጣሁትን ረቂቅ አንድ ማታ ለአያቴ አነበብኩላት። አያቴ የጋይንት ሰው ናት፤ ደራ ያመጣት ትዳር ነው። መግቢያዬ ላይ «የአንቺም ዘመቻ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ስኬታማ የአየር ውጊያ ነው» የሚል፣ በጣም የኮራሁበት ዐረፍተ ነገር ነበር። አያቴ እንዝርቷን ሳታቆም አዳመጠችኝና «ልጄ፣ ከታች ማን ነበር?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር፤ ኤሴዬ ውስጥ ግን አልነበረም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል፣ ድርብ ክንፍና አንድ ሞተር ያለው የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ከጅቡቲ ያመጣው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዩንከርስ የተባለው፣ አካሉ ከብረት የተሠራው የጀርመን አውሮፕላን ተከተለ። አውሮፕላኖቹን ያስመጧቸው በመስከረም 1921 የንጉሥነት ዘውድ የጫኑት አልጋ ወራሽ ተፈሪ ናቸው። አንድን መልእክተኛ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበትን መንገድ አውሮፕላን በሰዓታት ያደርሰዋል። ለማእከላዊ መንግሥት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ተፈሪ ከማንም በፊት ገብቷቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ፤ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር። የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ ከዚያም በላይ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። ዘውዲቱ በ1909 ሲነግሡ ባልና ሚስቱን መኳንንቱ ለያዩአቸው። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ቀሩ፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ። ጉግሣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው፣ መጻሕፍት የሚወዱ ሰው ነበሩ። የተፈሪ ኃይል እየጨመረ ሲሄድ ቅሬታቸውም አብሮ አደገ። በራያና አዘቦ ዐመፅ ተነሥቶ እንዲዘምቱ ሲታዘዙም አዲስ አበባ ታማኝነታቸውን መጠራጠር ጀመረ። በመጨረሻም በ1922 መጀመሪያ ወራት ጦር አስከትተው ወጡ። ዘውዲቱ እንዲተዉት ለምነዋቸው እንደነበር ይነገራል። ነገሩ የአንድ ቤተሰብም የአንድ አገርም ጠብ ነበር።

ከአዲስ አበባ በኩል ጦሩን የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። የጠመንጃና የመትረየስ ብልጫ ነበራቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥቂት አውሮፕላኖች ነበሯቸው። አውሮፕላኖቹ መጀመሪያ የጣሉት ወረቀት ነው እንጂ ቦምብ አልነበረም። በጳጳሳቱ ስም የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ ከራስ ጉግሣ ጋር የተሰለፈ ሁሉ እንዲወገዝ የሚያዝዝ። ቦምቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አውሮፕላንን ለቦምብ የተጠቀመው የመጀመሪያው አገር ጣሊያን ነው፤ በጥቅምት 1904 ሊቢያ ውስጥ ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ መኮንን ከነጠላ አውሮፕላኑ ላይ ትንንሽ ቦምቦች በእጁ ወረወረ። የአንቺም ቦምቦችም ትንንሽ ነበሩ፤ የገደሉት ሰው ብዙ እንዳልነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ያደረሱት ጉዳት በዋናነት የልብ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ፣ ሞተር የሚባል ነገር ሰምቶ ለማያውቅ ገበሬ ወታደር፣ ከጉና በኩል እየጮኸ የሚመጣ ነገር ምን እንደሚመስለው አስቡት። እላዩ ላይ ደግሞ የጳጳስ ግዝት ጨምሩበት።

ጦርነቱ የሆነው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ራስ ጉግሣ በዕለቱ በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ጦራቸው ተበተነ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከ7 ወር በኋላ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ተኩል አይሞላም።

የአያቴ አባት ከጉግሣ ጦር ጋር ነበር። እሷ ያን ጊዜ ጥርሷን የምታወልቅ ልጅ ነበረች፤ የምታወራው ከአባቷ የሰማችውን ነው። ወረቀቱ ሲወርድ መጀመሪያ ነጭ ርግብ መስሏቸው ነበር አለች። አባቷ አንዱን አነሣ፤ ማንበብ ግን አይችልም። ከሰፈሩ ውስጥ ወደነበረ አንድ ደብተራ ይዞት ሄደ። ደብተራው አነበበው፤ ከዚያ አጣጥፎ መለሰለትና ዝም አለ። በዚያች ሌሊት ከጎኑ የተኙት ሁለት ጎረቤቶቹ ጥለው ሄዱ። እሱ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲሉት «እንጀራቸውን በልቼ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ሰኞ ዕለት አብሮት የቀረው የሚዜው ልጅ አልተመለሰም። አባቷ ተመለሰ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲሰማ በሬዎቹን አቁሞ ዛፍ ሥር ይገባ ነበር። እኔ ጥላውን ሳባርር የነበርኩት ያንኑ ድምፅ ነው።

ኤሴዬን አልቀየርኩም ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ግን ያን ጊዜ የቀየርኩት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ጥያቄዋ ሌላውን ታሪክ ሁሉ እንደሚነካ የገባኝ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የራስ ሙሉጌታን ዕጣ ተመልከቱ። በአንቺም አውሮፕላን የነበራቸው ራስ ሙሉጌታ ናቸው። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1928፣ አምባ አራዶም ላይ ከታች የሆኑት እሳቸው ናቸው። በላያቸው የመጣው ጥቂት ቦምብ የያዘ ፖቴዝ አልነበረም፤ የፋሺስት ጣሊያን አየር ኃይል ነበር እንጂ። ጣሊያኖች ከታኅሣሥ ጀምሮ በተከዜ ግድም የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ማውረድ ጀምረው ነበር። ሽማግሌው የጦር ሚኒስትር በሽሽቱ መንገድ ላይ ከልጃቸው ጋር ሞቱ። ጠላትና ወገን፣ ወረራና የእርስ በርስ ጠብ አንድ ናቸው አልልም፤ አይደሉምም። ከታች መሆን ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በዚያው ጦርነት የእኛዎቹ አብራሪዎች የሠሩት ደግሞ ከልብ የሚያኮራ ነው። አገራችን ያኔ ደርዘን ያህል አውሮፕላን ብቻ ነበራት፤ መብረር የሚችሉት ከዚያም ያነሱ ነበሩ፤ ከጠላት ጋር አየር ላይ የሚገጥም ተዋጊ አልነበራትም። ከአንቺም በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነው ነበር። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን የትንሿ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ፣ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1946 በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ አገራችን ሞተ። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ ደግሞ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ይዞ ቁስለኛ አመላለሰ። በአገር ውስጥ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሠራት፤ ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ በጥር 2016 ወደ አገሯ ተመለሰች። የመመለሷን ዜና ስሰማ እንባዬ መጣ።

ፎን ሮዘን በ1938 ተመልሶ መጥቶ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን ካደራጁት ዋነኛው ሆነ። በኋላም በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ መንገድ ወዳልደረሰባቸው ሰዎች በትንንሽ አውሮፕላን እህል ጣለ። በሐምሌ 1969 እርዳታ ላይ እያለ ጎዴ ውስጥ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። ከሰማይ እህል የጣለ አብራሪ የሞተው መሬት ላይ፣ ከታች ሆኖ ነው።

አሁን ወደ ቤጌምድር ልመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ያለቀውም እኛው ጋ ነው። በ1932 ክረምት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ በአርበኞች ላይ መበተን ጀመሩ። ቀጥሎም «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ተከተለ። ማኅተሙን ያወቁ አርበኞች ወረቀቱን እየሳሙ ግንባራቸው ላይ አስቀመጡት። ያው የ1922ቱ ዘዴ ነው፤ ያው ንጉሥ፣ ያው ከሰማይ የሚወርድ ወረቀት። አንዱ ጊዜ ጦር በተነ፤ ሌላው ጊዜ ጦር ሰበሰበ።

በ1933 ሰኔ መጨረሻ ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። የቀረው ጎንደር ነበር። በጥቅምት 1934 ጣሊያኖች አዘዞ ሜዳ ላይ የቀሯቸው መብረር የሚችሉ ተዋጊዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ የተባለው ጣሊያናዊ በፊያት ሲአር-42 ተነሣና ከደቡብ አፍሪካ ግላዲያተሮች ጋር ገጠመ። ሆፕ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ መትቶ ጣለው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የአየር ላይ ውጊያ ነበር። በማግስቱ ደቡብ አፍሪካውያኑ ተመልሰው በጣሊያኖቹ ሰፈር ላይ አንድ ወረቀት ጣሉ፤ የሞተው አብራሪ ጀግና እንደነበር የሚመሰክር ወረቀት። በኅዳር አጋማሽ ደግሞ የመጨረሻው የጣሊያን አውሮፕላን ከእኛ ሩቅ ያልሆነውን የቁልቋል በር ግንባር፣ የእንግሊዝ መድፍ የተተከለበትን ቦታ መታ። ኅዳር 18 ጎንደር ወደቀች።

እንግዲህ ቁጠሩት። በኢትዮጵያ ሰማይ የመጀመሪያው የጦር በረራ ዘቢጥ ላይ፣ በመጋቢት 1922፤ የፋሺስት አየር ኃይል የመጨረሻ በረራ ቁልቋል በር ላይ፣ በኅዳር 1934። ሁለቱም ቤጌምድር ናቸው። በመካከሉ 12 ዓመት እንኳ አይሞላም። ከዚያም ቀድሞ አፄ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል መድፍ የመረጡት ጋፋትን ነው፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ። የጦር መሣሪያ ፍቅርና የጦር መሣሪያ ሸክም እኛ አገር አዲስ አይደለም።

ይሁን እንጂ አየር ኃይላችን ልደቱን የሚቆጥረው ከ1928 ነው። ይገባኛል። ወራሪን መመከት ሲሆን ልደት ያምራል፤ አንቺም ግን ወገን በወገን ላይ ስለሆነ ለሻማና ለኬክ አይመችም። እኔም በተማሪነቴ በሌላ መንገድ ያንኑ አደረግሁ፤ እነሱ አንቺምን ዘለሉት፤ እኔ አንቺምን ይዤ ከታች ያለውን ሰው ዘለልኩት። አውሮፕላን ወዳድ ሲባል ብዙ ጊዜ ሞተሩን፣ ፍጥነቱንና የአብራሪውን ስም ይቆጥራል። ይህን ስንቆጥር ሌላውን መርሳት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም አብራሪው ስም አለው፣ ወረቀት አንሥቶ ደብተራ ጋ የሄደው ገበሬ ግን በመዝገብ ስም የለውም። የሚዜው ልጅም የለውም። ዛሬም ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ለሁሉም ሰው አንድ ትርጉም እንደሌለው የአካባቢያችን ሰው በደንብ ያውቃል።

ስለዚህ በበዓላችን ላይ ለተሰበሰባችሁ የቀድሞ ተማሪዎችና አሁን ወንበሩን ለያዛችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ሐውልት አልጠይቅም። በየዓመቱ ከሚጻፉት የታሪክ ኤሴዮች ሁለት ሦስቱ ከዘቢጥ እስከ ቁልቋል በር ባለው መንገድ ላይ ይሁኑ። የአንቺምን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ እንደኔ ከአያቱ የሰማ ግን በጋይንትም፣ በመቄትም፣ በእብናትም አለ። እኛ ስናልፍ ያም ያልቃል። ተማሪ ቴፕ ይዞ ይሂድ። አውሮፕላኑ ከየት መጣ፣ ስንት ጊዜ ዞረ ብሎ ይጠይቅ፤ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ሳያስተካክል ይጻፍ። ከመዝገቡ ጋር ያስተያየው፤ ካልገጠመ ሁለቱንም ያስቀምጥ። ቢሾፍቱ ያሉ ወዳጆቼም ይህ ቅርሳቸውን የሚቀንስባቸው እንዳይመስላቸው። ያ የደቡብ አፍሪካ ጓድ የገደለውን ሰው በወረቀት ሲያከብር ክብሩ ጨመረ እንጂ አልጎደለም።

አያቴ አርፋለች። የመጨረሻ ዓመታቷ ላይ ባሕር ዳር ለሕክምና ስወስዳት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ ትልቅ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ። እኔ እንደ ልማዴ ቀና አልኩ። እሷ እጄን ያዘችና «የሰው ነው?» አለችኝ። ሰው የሚጭነው ነው ወይ ማለቷ ነው። «አዎ እምዬ፣ የሰው ነው» አልኳት። «እንግዲያው እሰየው» ብላ እሷም ቀና አለች።

ያን የኮራሁበትን ዐረፍተ ነገር ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ እዚህ አርሜዋለሁ። የአንቺም ዘመቻ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የዋለበት ነው፤ ከላይ የነበረው አንድሬ ማዬ ነው፤ ከታች የነበሩት የእኛ ሰዎች ናቸው።